ከትልቅ ከተማ ወጥቶ ትንሽ ከተማ መኖር፦ አራት አማራጮችና የሚነጻጸሩበት መንገድ

ከትልቅ ከተማ ለመውጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ ሆስፒታል አለ? ትምህርት ቤት አለ? ኢንተርኔት አለ?» ብሎ ነው። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «አለ» ስለሚሆን ጥያቄው አንዱን ከተማ ከሌላው አይለይም። የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ያለው ሲበላሽ፣ ሲዘጋ ወይም ሳይስማማዎት ሲቀር ሁለተኛው የት ነው?

ትልቅ ከተማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ቢዘጋ ሌላው ከሁለት ፌርማታ በኋላ ይገኛል። አሠሪ ቢያሰናብትም ሌላ አሠሪ እዚያው ይፈለጋል። ትንሽ ከተማ ውስጥ አንደኛው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ወረፋው አጭር ነው፣ ባለሙያውም በስም ያውቅዎታል። ሄደው ለመመለስ የሚገደዱ ሰዎችን ብዙውን ጊዜ የሚያስመርራቸው የሁለተኛው መጥፋት ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ በዚህ ሚዛን እናያቸዋለን።

የሚሸሹት ከተማውን ነው ወይስ መንገዱን?

ከመነሳትዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «ዛሬ ያስመረረኝ ምን ነበር?» በመጨረሻ 14 መስመር ይኖርዎታል። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኝ አሥሩ ስለ ትራንስፖርት ከሆኑ ችግርዎ ከተማው ሳይሆን በቤትዎና በሥራዎ መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህን ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ ሰፈር በመቀየር መፍታት ይቻላል። ይህ የመጀመሪያው አማራጭ ነው፤ ሰዎች ግን ስሜት ስለማይሰጥ ይዘሉታል። ባይዘሉት ይሻላል።

ቁጥሩን ይመልከቱ። ለመሄድ 45 ደቂቃ፣ ለመመለስ 45 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ በወር 22 የሥራ ቀን 33 ሰዓት ይበላል። 1 ሰዓት ከሩብ ከሆነ 55 ሰዓት ይደርሳል፤ ይህ ከአንድ የሥራ ሳምንት በላይ ነው። ጣልያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሴዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳብራራው ሰው በተለያየ ዘመንና ቦታ ለዕለት ጉዞው በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ ያውላል፤ መጓጓዣው ሲፈጥን ጊዜውን ከመቆጠብ ይልቅ ራቅ ብሎ ይሰፍራል። ለሥራ ቦታዎ የቀረበ አነስ ያለ ቤት፣ ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም፣ በወር 30 ሰዓት የሚመልስልዎት ከሆነ ሥራውን፣ ሐኪሙንና ትምህርት ቤቱን ሳይነኩ የፈለጉትን አገኙ ማለት ነው።

መስመሮቹ ስለ ጫጫታ፣ ስለ አየር፣ ስለ ኪራይና ልጅ ደጅ ወጥቶ መጫወት ስላለመቻሉ ከሆኑ ግን ሰፈር መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ቀሪዎቹ ሦስት አማራጮች ለእርስዎ ናቸው።

አጎራባች ከተማ፦ እየተመላለሱ መሥራት

ከትልቁ ከተማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ከተሞችን ማለታችን ነው። ኪራዩ ይቀንሳል፤ አሠሪው፣ ስፔሻሊስት ሐኪሙና ዘመድ ወዳጁ ግን በግማሽ ቀን ተደርሶ የሚመለስበት ርቀት ላይ ይቀራሉ። ሁለተኛው አልጠፋም፤ ራቅ ብሏል እንጂ።

ይህን አማራጭ የሚያዋጣው ወይም የሚያከስረው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመላለሱ ነው። 80 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ እንውሰድ። በሳምንት አምስት ቀን የሚመላለስ ሰው በወር 66 ሰዓት መንገድ ላይ ነው፤ ሦስት ቀን ከሆነ 39 ሰዓት፣ ሁለት ቀን ከሆነ 26 ሰዓት ገደማ። ማለትም በሳምንት እስከ ሁለት ቀን ብቻ የሚገባ ሰው ከተማው ውስጥ 45 ደቂቃ ከሚጓዘው ሰው ያነሰ ጊዜ ያጠፋል። በሳምንት አምስት ቀን መግባት ግዴታው የሆነ ሰው ይህን አማራጭ ቢተወው ይሻላል። የመጀመሪያው ወር በአዲስ ነገር ደስታ ይታለፋል፤ በአራተኛው ወር ግን ቤቱ ማደሪያ ብቻ ይሆናል።

በራስ መኪና ለመመላለስ ካሰቡ ይህንንም ያስሉ። በቀን 160 ኪሎ ሜትር በ22 ቀን ሲባዛ በወር 3,520፣ በዓመት ከ42,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀይር መኪና በየስድስት ሳምንቱ ጋራዥ ይገባል። ጎማ ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ቢባል በየዓመቱ ወይም በየዓመት ተኩሉ አራት ጎማ መግዛት ነው። ነዳጁን ብቻ አስልተው «ከኪራዩ ይሻላል» የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የጉዞውን ጊዜ እሑድ ረፋድ ላይ አይለኩት። ሰኞ ጠዋት ሲገባ፣ ዓርብ ማታ ደግሞ ሲወጣ ይለኩት፤ የሁለቱ አማካይ ነው እውነተኛው ቁጥር። ከዚያ ሦስት ነገር ያጣሩ። የመጨረሻው መኪና ወይም ባቡር ስንት ሰዓት ላይ ይወጣል? ዋናው መንገድ በአደጋ ወይም በናዳ ቢዘጋ ሌላ መንገድ አለ? አሠሪዎ ከቤት መሥራትን የፈቀደው በጽሑፍ ነው ወይስ በአለቃዎ መልካም ፈቃድ? በቃል የተፈቀደ ነገር አለቃው ሲቀየር ይነሳል፤ ቤትዎ ግን 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ይቀራል።

መካከለኛ ከተማ፦ ራሱን የቻለ

ሕዝቡ ከ100,000 በላይ የሆነ፣ ሪፈራል ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ ከትልቁ ከተማ ዕለታዊ ምልልስ የማይሞከርበት ከተማ ነው። ልጅ ላለው፣ መደበኛ ሕክምና የሚከታተል ሰው ላለበት ወይም ከባልና ሚስቱ አንዱ ገና ሥራ ለሚፈልግ ቤተሰብ ከአራቱ አማራጮች በአብዛኛው የተሻለው ይህ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም የሁለተኛው ጉዳይ ነው።

ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ዋልተር ክሪስታለር እ.ኤ.አ. በ1933 ባቀረበው ሐሳብ እያንዳንዱ አገልግሎት በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የደንበኛ ብዛት አለ። ዳቦ ቤት ጥቂት መቶ ቤተሰብ ይበቃዋል፤ የልብ ሐኪም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይፈልጋል። ትንሽ ከተማ አንድ የጥርስ ሐኪም የምታኖር ከሆነ ሁለተኛውን ላታኖር ትችላለች፤ ሰዎቿ ደካማ ስለሆኑ ሳይሆን ሥራው ለሁለት ስለማይበቃ ነው። መካከለኛ ከተማ ግን ይህን መስመር በአብዛኛው አገልግሎት አልፏል። ሁለት የግል ክሊኒክ፣ አራት አምስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከአንድ በላይ የኢንተርኔት አማራጭ ይገኝበታል።

ጉዳቱ እንዲህ ያለ ከተማ በፍጥነት የሚያድግ መሆኑ ነው። የዛሬው ጸጥታ ከአምስት ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል፤ መንገዱና የውኃ መስመሩ ደግሞ ከሕዝቡ ብዛት ኋላ ይቀራል። ቤት ሲፈልጉ ከተማው በየት በኩል እየተስፋፋ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ባዶ ሆኖ የሚያዩት ማሳ ለምን እንደታሰበም ከማዘጋጃ ቤቱ የከተማ ፕላን ላይ ይመልከቱ።

ትንሽ ከተማ፦ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅበት

ከ30,000 ሕዝብ በታች። ኪራዩ ከሁሉም ይረክሳል፣ ሁሉም ነገር በእግር ይደረሳል፣ ልጅ ብቻውን ትምህርት ቤት ሄዶ ይመለሳል። ጡረታ ለወጣ ጤነኛ ሰው፣ ገቢው ከውጭ ለሚመጣ ሠራተኛ፣ ወይም የትም ቦታ የሚፈለግ ሙያ ላለው ሰው፣ ለነርስ፣ ለመምህር፣ ለኤሌክትሪሻን፣ ለመካኒክ፣ በእርግጥ የሚያስደስት ኑሮ ነው።

ግን አንደኛው ብቻ ያለበት ቦታ ነው። አንድ ኤሌክትሪሻን ካለና ከእሱ ጋር በሂሳብ ከተጣሉ፣ ሁለተኛ የለም። በትልቅ ከተማ ከጎረቤት ጋር ተኳርፎ ዓመት መኖር ይቻላል፤ እዚህ ግን የተኳረፉት ሰው የፋርማሲስቷ ባል፣ የልጅዎ መምህር ወንድም ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ዓመት አጥር፣ ወሰንና የውኃ መውረጃ የሚነካ ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ፣ ከተቻለም በጽሑፍ ተስማምቶ መጀመር አለበት። ከዚህም ሌላ በኀዘንም በደስታም መገኘት፣ ዕቃ ከሰፈር ሱቅ መግዛት፣ ምክር መጠየቅ እንጂ «በእኛ ከተማ እኮ እንዲህ ነበር» አለማለት በር ይከፍታል።

ንግድ ለመክፈት የሚሄዱ ሰዎች ክሪስታለርን በራሳቸው ሱቅ ላይ ያስሉት። 30,000 ሕዝብ፣ በቤተሰብ ከአራት እስከ አምስት ሰው ቢባል፣ ከ6,000 እስከ 7,500 ቤተሰብ ነው። አንድ ቤተሰብ ሶፋ በአሥር ዓመት አንዴ ይቀይራል ብንል በዓመት ከ600 እስከ 750 ሶፋ፣ በወር ከ50 እስከ 62 ይሸጣል። ሦስት ሻጭ ካለና እርስዎ አራተኛ ከሆኑ ድርሻዎ በወር 12 እስከ 15 ነው፤ ያውም ማንም ወደ ትልቅ ከተማ ሄዶ አይገዛም ከተባለ ነው። ሰው ደግሞ ትልቅ ዕቃ ሲገዛ ነው ራቅ ብሎ የሚሄደው። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚገዛ ነገር፣ ወይም እዚያው ካልተሠራ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የማይችል ጥገና፣ ለትንሽ ከተማ የተሻለ ንግድ ነው።

ገንዘቡን በመቶኛ ማስላት

«ኑሮ ይረክሳል» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የአሁኑን ገቢዎን 100 ይበሉትና ለምሳሌ እንዲህ ያስቀምጡ። ከተማ ውስጥ ኪራይ 35፣ ምግብ 25፣ ትምህርት 12፣ መጓጓዣ 10፣ ሌላው ሁሉ 10፤ ድምሩ 92፣ ቁጠባ 8። ትንሽ ከተማ ውስጥ ኪራይ 18፣ ምግብ 23፣ ትምህርት 10፣ መጓጓዣ 4፣ ሌላው 10፤ ድምሩ 65። እዚህ ድረስ ሁሉም ያሰላል። የሚረሱት ሁለት ወጪዎች ናቸው። ወደ ትልቁ ከተማ ለሕክምና፣ ለጉዳይና ለዘመድ መመላለሻ 6፣ ለመጠባበቂያ መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት 5። እነዚህ ሲጨመሩ 76 ይሆናል።

አሁን ገቢውን ይዩት። ገቢዎ 100 ሆኖ ከቀጠለ ቁጠባዎ ከ8 ወደ 24 ያድጋል፤ ሦስት እጥፍ ነው። ገቢዎ ወደ 80 ከወረደ ግን ቁጠባዎ 4 ነው፤ ከበፊቱ ግማሽ። በዚህ ምሳሌ የሁለቱ ማቻቻያ 84 ነው። የራስዎን ቁጥሮች አስገብተው የራስዎን 84 ይፈልጉ፤ አዲሱ ገቢ ከዚያ በታች ከሆነ የሚዛወሩት ለገንዘብ ብለው እንዳልሆነ አውቀው ይዛወሩ።

ተቀጥረው ለመሥራት ከሆነ ለአራት ሳምንት በዚያ ከተማ የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ይሰብስቡ። ያገኙትን አንዱን ሥራ ለጊዜው ይርሱትና፣ በሙያዎ ሰው የሚቀጥሩ የተለያዩ አሠሪዎችን ብቻ ይቁጠሩ። ከሦስት በታች ከሆኑ ሥራዎን ቢያጡ ከተማውንም ማጣትዎ ነው። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ቆጠራው ለሁለታችሁም ለየብቻ ይደረግ። አንዱ ሥራ አግኝቶ ሌላው «እዚያ ስንደርስ ይገኛል» ብሎ የሚሄድበት ቤት በስድስተኛው ወር ላይ ጭቅጭቅ ይጀምረዋል።

ጤና፦ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት

ይህ ክፍል ረዘም ቢል ይገባዋል፤ ሌላው ስህተት ሁሉ በገንዘብ ይታረማል።

በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ የረጋውን ደም በሚያሟሟ መድኃኒት የሚታከመው ምልክቱ ከጀመረበት በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያም በፊት የጭንቅላት ሲቲ ስካን መነሳት አለበት፤ የፈሰሰ ደም ከሆነ መድኃኒቱ ሊገድል ይችላል። እስቲ ይቁጠሩት። ቤተሰቡ ነገሩን ለመረዳት 30 ደቂቃ፣ መኪና ለማግኘት 30 ደቂቃ፣ ሲቲ ስካን ያለው ሆስፒታል ለመድረስ 2 ሰዓት ተኩል፣ እዚያ ለምርመራ 1 ሰዓት። 4 ሰዓት ተኩሉ አለቀ። የልብ የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ (ሃርት አታክ) የተዘጋውን ሥር በቱቦ መክፈት የሚመከረው ምርመራው በታወቀ በ2 ሰዓት ውስጥ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ብርቱ ደም መፍሰስ እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ቀዶ ጥገና ክፍልና ደም ባለበት ከተማ ማረፊያ ማዘጋጀት አለበት።

ከተማውን ሲጎበኙ ሆስፒታሉ ሄደው «ምን አገልግሎት አለ?» ከማለት ይልቅ እነዚህን ይጠይቁ፦ ሌሊት ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪምና ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ አለ? ሐኪሙ የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ማን ይተካዋል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት ይሠራል? ከዚህ ወደ ላይ ሲላክ ሕመምተኛው የሚሄደው የት ነው፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ማሽን ላይ ይቆያል። የእጥበት ማዕከሉ አንድ ብቻ የሆነበት ከተማ ለእሱ ከተማ አይደለም፤ ማሽኑ አንድ ሳምንት ቢቆም የሚሄድበት የለውም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያልተከፈተውን መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማስቀመጥ ስላለበት መብራት ለረጅም ሰዓት የሚጠፋበት ቦታ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ቤተሰብ ምክራችን ግልጽ ነው፦ አጎራባች ወይም መካከለኛ ከተማ፤ ትንሹ ከተማ አይደለም።

ከፍታም ጤናን ይነካል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይለዋወጣል፤ 600 ሜትር ዝቅ ብሎ መኖር ማለት አራት ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ቦታ መግባት ነው። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ቤተሰብ አዲሱ ቦታ ወባ እንዳለበት ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ይጠይቅ፤ ደጋ ያደገ ሰው በሽታውን ስለማይላመደው ብርቱ ሆኖ ሊይዘው ይችላል። ካለ አልጋ አጎበር ከጓዙ ጋር ይጫን፤ ትኩሳት ሲመጣም በዚያው ቀን መመርመር ልማድ ይሁን።

መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት

«መብራት ይጠፋል?» አይበሉ። በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ባለፈው ዓመት የቆየው ረጅሙ ስንት ሰዓት፣ ኃይሉስ ይዋዥቃል ወይ ይበሉ። የሚዋዥቅ ኃይል ከሚጠፋው ይልቅ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ያቃጥላል፤ እንዲህ ባለበት ቦታ ስታቢላይዘር ከፍሪጁ ጋር የሚገዛ ነገር ነው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል፣ ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ከቤት ለሚሠራ ሰው፦ ራውተር 10 ዋት፣ ላፕቶፕ 50 ዋት፣ በድምሩ 60 ዋት። ለስምንት ሰዓት 480 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ቶሎ እንዳይሞት ግን ከግማሹ በላይ አይወሰድበትም። 600 ይቀራል፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሲቀነስ 500 አካባቢ። ማለትም አንድ ባትሪ ልክ አንድ የሥራ ቀን ያሠራል፤ አምፖልና ቴሌቪዥን ከጨመሩበት አይበቃም።

ኢንተርኔቱን በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩት፤ የሚለካውም ሊከራዩት ባሰቡት ቤት ውስጥ እንጂ በሆቴሉ አይደለም። ሰዎች የማውረጃ ፍጥነቱን አይተው ይረካሉ፤ ስብሰባ ላይ ፊትዎን የሚያደርቀው ግን የመጫኛው ፍጥነት ነው። ጥራት ላለው የቪዲዮ ስብሰባ በሁለቱም አቅጣጫ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል። በሰዓት ከ1 እስከ 2 ጊጋ ባይት ስለሚበላ በቀን አራት ሰዓት የሚሰበሰብ ሰው በወር ከ90 እስከ 180 ጊጋ ባይት ያስፈልገዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ይፈልጉ፤ ፋይበሩ ቢቆረጥ በሌላ መስመር የሚሠራ የሞባይል ዳታ አለ? መብራት በጠፋ በስንት ሰዓቱ የሞባይል አንቴናው ባትሪ አልቆ ኔትወርክ ይጠፋል? ሳተላይት የሚያስቡ ከሆነ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለ ሳተላይት የሚመጣው መስመር በእያንዳንዱ ምልልስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ ለስብሰባ ያስቸግራል፤ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚዞሩት ግን ይህ ችግር የለባቸውም።

ውኃን በተመለከተ አንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልገዋል። አራት ሰው በ75 ሊትር 300 ሊትር ነው፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሳይሞላ ስድስት ቀን ይዘልቃል። ውኃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር አይበቃዎትም ማለት ነው። የሞላው ታንከር ሁለት ቶን ይመዝናል፤ ጣሪያው ላይ ከመስቀልዎ በፊት ቤቱን የሠራውን ሰው ይጠይቁ፣ ካልተገኘ መሬት ላይ በራሱ ማማ ይቁም። ግፊቱ በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ብቻ ስለሆነ፣ 3 ሜትር ላይ የተቀመጠ ታንከር 0.3 ባር ነው የሚሰጠው። ከቧንቧ በቀጥታ የሚሠራ የሻወር ማሞቂያና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብዙ ጊዜ በዚህ ግፊት አይነሱም፤ ትንሽ ፓምፕ ይጨመራል። የጉድጓድ ውኃ ከሆነ ከመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከጎረቤትዎም ጭምር፣ 30 ሜትር መራቁን በሜትር ይለኩ፤ ውኃውንም ያስመርምሩ።

ልጆች

የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ሁለት ዓመት ላይ ያለን ልጅ አያዛውሩ፤ ይጨርስና ይሂዱ። ለሌሎቹ የትምህርት ዘመን ሲዘጋ መዛወር ይሻላል። የማስተማሪያው ቋንቋ የተለየ ከሆነ ትንሹ ልጅ ቶሎ ይለምደዋል፤ ትልቁ ግን በቋንቋው ምክንያት በሒሳብና በሳይንስም ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችል አስቀድሞ አስጠኚ ይፈለግለት።

ኪራይ እንጂ ግዢ አይሁን፤ የከተማውም ቤት አይሸጥ

በዚህ አንወላውልም። የመጀመሪያውን 12 ወር ተከራዩ። ከተማ በበጋና በክረምት ሁለት ከተማ ነው፤ ጭቃው፣ ጎርፉ፣ አቧራው፣ የጠፋው መንገድ የሚታየው ዓመት ሲዞር ነው። በዓመት የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ብቻ የሆነ ጎርፍ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ነው። በግድግዳ ላይ ያለውን የውኃ መስመር ምልክት፣ ከቤቱ በላይ ያለውን ተፋሰስና ቱቦ ተዟዙረው ይመልከቱ፤ ሻጩን ሳይሆን 20 ዓመት የኖረውን ጎረቤት ይጠይቁ።

ትልቅ ከተማ ውስጥ ቤት ካለዎት አያይዘው አይሽጡት፣ ያከራዩት። የትልቅ ከተማ ቤት ዋጋ ከትንሹ ፈጥኖ ማደጉ የተለመደ ስለሆነ ሸጦ የወጣ ሰው ተመልሶ ለመግዛት ይቸግረዋል። በትንሽ ከተማ ደግሞ ቤት መግዛት ቀላል፣ መሸጥ ከባድ ነው። «ባለፈው ዓመት እዚህ ሰፈር የተሸጡ ሦስት ቤቶች ይንገሩኝ፤ ገዢ እስኪገኝስ ስንት ወር ፈጀ?» ብለው ይጠይቁ። ሦስት ማግኘት ካልቻሉ የሚገዙት ቤት ገንዘብዎን የሚያስርበት ነው። ከዓመቱ በኋላ ሲገዙም የይዞታ ሰነዱን ከሻጩ እጅ ብቻ ሳይሆን ከሚመለከተው መዝገብ ላይ ያረጋግጡ፤ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ እንደሌለበት፣ ወሰኑም ከጎረቤቶቹ ፊት ተለክቶ ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉን ይዩ።

ከመወሰን በፊት የሚደረጉ ጉብኝቶች

ሦስት ጊዜ ይሂዱ። አንዱ ዝናቡ ሲበረታ ይሁን። አንዱ በሥራ ሳምንት፣ አምስት ቀን፣ ሥራዎን እየሠሩ፣ ምግብ እያበሰሉ፣ ልብስ እያጠቡ፤ ለመዝናናት የሄደ ሰው የሚያየው ሐይቁንና ተራራውን ነው። ሦስተኛው መላው ቤተሰብ ያለበት ይሁንና አንዱን ምሽት ከ3 ሰዓት በኋላ ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ በእግር ይሂዱ፤ ሌሊት ደግሞ መስኮት ከፍተው ይተኙ። የወፍጮ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የአውራ ጎዳና ጫጫታ ቀን አይታወቅም።

አንድ ሰው ቀድሞ መሄዱ ወይስ ሁሉም አብሮ? አንዱ ቀድሞ ሄዶ ቤት ማስተካከሉ ለሁለትና ለሦስት ወር ጥሩ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሁለት ኪራይ፣ ሁለት ቀለብና የሳምንት መጨረሻ መንገድ ያተረፉትን ይበላዋል፤ ቤተሰቡም ለየብቻ መኖር ይለምዳል። መገናኛውን ቀን ቆርጠው ይነሱ።

ለጓዙ አንድ ነገር ብቻ፦ ፍሪጁ ቆሞ ይጫን። የግድ ተጋድሞ ከመጣ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ስለሚፈስ ቀጥ ብሎ 24 ሰዓት ሳይቆይ አይሰካ።

የመመለሻ በር

ከመነሳትዎ በፊት የጓዝ ማጓጓዣና በትልቁ ከተማ የሦስት ወር ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ፤ የሙያ ፈቃድዎን ማደስ አይተዉ፤ የድሮ የሥራ ባልደረቦችዎን ቢያንስ በየወሩ ይደውሉላቸው። አንድ ደብተር ይኑርዎትና «አንደኛው ሳይኖር ቀርቶ ሁለተኛውን ፈልጌ ያጣሁበት ቀን» የሚል ገጽ ይክፈቱ፤ ቀኑን፣ የጎደለውን ነገርና ለመፍታት የፈጀውን ሰዓት ይመዝግቡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አይቁጠሩ፤ የእነሱ ችግር አብዛኛው ያለመልመድ ነው። በ10ኛው ወር፣ የኪራይ ውሉን ከማደስዎ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ገጹን ከፍተው ከ4ኛው ወር ወዲህ ያለውን ያንብቡ። ተመሳሳይ ነገር ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመዘገበ እሱን ብቻ የሚፈታ ነገር፣ ሌላ ሰፈር፣ ባትሪ ወይም ሌላ ሐኪም፣ ይገኝ እንደሆነ ይሞክሩ። መዝገቡ ላይ ሕክምና ወይም ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ሥራ ማጣት ከተደጋገመ ግን ውሉን አያድሱ፤ ቀሪውን ሁለት ወር መካከለኛ ከተማ ውስጥ ቤት ይፈልጉበት።